የሽማግሌው መንቀጥቀጥ

«የግራሶ እጅ የገባበት ነገር መቼ ጤና ኖሮት ያውቃል!» አለ የእማ ጭንቄ ትልቁ ልጅ፣ አጥሩ ጋ ቆሞ ለጎረቤታቸው ለባለሱቁ። ባለሱቁ ከት ብሎ ሳቀ። እማ ጭንቄ ወጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ እያጠበች ነበር፤ ውኃው እጇ ላይ እየፈሰሰ ደርቃ ቀረች። የከነከናት ሳቁ ብቻ አልነበረም። ትንሹ ልጇ ከሚተኛበት ክፍል ከንጋት ጀምሮ ዕቃ የመሰብሰብ ኮሽታ ሲሰማት ቆይቶ ነበር፤ በዚያች ቅጽበት ኮሽታው ጸጥ አለ። እሱም ሰምቷል ማለት ነው።

የሰፈሩ ሰው «እማ ጭንቄ» የሚላት በክፋት አይደለም። የሰው ልጅ ባስነጠሰ ቁጥር ሐኪም ቤት የሚታያት፣ ሰማይ ዳመን ሲል የራሷን ትታ የጎረቤት ልብስ ከገመድ ላይ ለማንሳት የምትሮጥ ሴት ናት። ትልቁ ልጇ በያጅ ነው፤ የብረት በርና መስኮት ይሠራል፣ ቤቱም የሚተዳደረው በእሱ ነው። ትንሹን በመኪና ቅባት ስም «ግራሶ» ያለችው ራሷ ናት፤ ከመኪና ሥር ወጥቶ ሳይታጠብ ጋደም እያለ የትራስ ልብሷን ሁሉ ስላጠቆረባት። በፍቅር ያወጣችለት ስም ነበር። ዛሬ መዘባበቻ ሆኖ በአጥር በኩል ተመለሰባት።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በሽማግሌው ነው። ሽማግሌው ግቢው መሐል የቆመው አሮጌ ፒካፕ ነው። ባለፈው እሑድ ሁለቱ ወንድማማቾች ጋራዥ የጠራባቸውን ዋጋ ሰምተው «ምን ሲደረግ!» አሉና እዚሁ ግቢ ውስጥ ራሳቸው ጥገናውን ያዙት። ግራሶ ከሥር ገብቶ ክሮቼራውን ቀየረ። የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያደርስ አንድ ረጅም ዘንግ አለ፤ ክሮቼራ ያ ዘንግ እንደ ክርን የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ነው። በያጁ ደግሞ በር በጫነ ቁጥር የመኪናው ኋላ እየተቀመጠ ስላስቸገረው፣ ከኋላ ጎማዎቹ ጎን ተደራርቦ የሚሸከመውን ባሌስትራ በግራም በቀኝም ወፍራም ብረት ጨመረበት። ማታ እየተሳሳቁ በአንድ ሳሙና ተራ በተራ እጃቸውን ታጠቡ። በማግስቱ ሽማግሌው ፈጠን ሲል መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወንበሩ ከታች ይነዝራል፣ መስተዋቱ ይርገበገባል፣ በሩ ጥርሱን ያፋጫል። በያጁ ወዲያው ፈረደ፤ የሚንቀጠቀጠው ዘንጉ ነው፣ ዘንጉን የነካው ግራሶ ነው። «እስኪስተካከል አንዲት ብረት እንዳይጫንበት፤ ዘንጉ መንገድ ላይ ቢወድቅ ሰው ይፈጃል» ብሎ አዘዘ። ትእዛዙ የጥንቃቄ ስለነበር ማንም አልተከራከረውም። ከዚያ ወዲህ በሮቹን በኪራይ መኪና ያመላልሳል፤ ከደንበኛው የሚያገኘውን ኪራዩ እየበላበት ፊቱ ይጠቁራል። ግራሶም እየገባ ይፈታል፣ እየወጣ ይነዳል፣ መኪናው መንቀጥቀጡን አይተውም። ትናንት ራት ላይ በያጁ ዳቦውን እየቆረሰ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ካሁን በኋላ መኪናውን እንዳትነካ» አለ። 

በያጁ ወደ ሥራው እንደወጣ ወደ ትንሹ ልጇ ክፍል ገባች። አልጋው ተነጥፏል። ይሄ ራሱ አስደነገጣት፤ ግራሶ አልጋ አንጥፎ አያውቅም። ሻንጣው በሩ ሥር ቆሟል።

«ወዴት ነው?»

«ጓደኛዬ ሌላ ከተማ ጋራዥ ከፍቷል አላልኩሽም? በማታው አውቶቡስ እሄዳለሁ።»

«ለስንት ቀን?»

«እማዬ…» አለና ጫማውን ማሰር ጀመረ። የታሰረውን ፈቶ ነው እንደገና የሚያስረው።

ማልቀስ አማራት፤ ግን ካለቀሰች ለቅሶዋን ሸሽቶ ይበልጥ የሚቸኩል መሰላት። ስለዚህ ንጹሑን ጠረጴዛ ወለወለች። እየወለወለች ሳለ ስልኳ ጮኸ፤ ታናሽ እህቷ ልብስ ሰፊዋ ናት። ቤት የምትለቀው ዛሬ ነው፤ የቀጠረችው መኪና ግን ጠዋት ደውሎ ዋጋውን እጥፍ አደረገባት፤ «አልከፍልም» ብትለው ዘጋባት። አከራይዋ በሩ ላይ ቆማለች፤ አዲሱ ተከራይ ፍራሹን ተሸክሞ መጥቷል። «እትዬ፣ ሽማግሌው አለ አይደል? ይንቀጥቀጥ! እኔም ልቤ እየተንቀጠቀጠ ነው!»

እማ ጭንቄ ስልኩን በእጇ ሸፍና ልጇን አየችው።

«ጭነት ክልክል ነው ተብሏል» አለ ግራሶ።

«ክልክል ያለውን እኔ ነኝ የወለድኩት። ተነስ። በቀስታ ትነዳለህ።»

ከመነሳታቸው በፊት መኪናው ሥር ገብቶ ዘንጉን አንድ በአንድ ነካካ። እሷም ቀሚሷን ሰብስባ ጎንበስ አለች። «እይ» አላት፣ ዘንጉ ላይ በመሮ የተጫረ ምልክት እያሳየ፤ «ከመፍታቴ በፊት ነው ያደረግሁት፣ እንደነበረ እንድመልሰው። ልክ ገጥሟል። ሁለቴ አውጥቼ መለስኩት። ጎማዎቹንም ባላንስ አሠራሁ።» እጁን ከዘንጉ አነሳና፣ «እንግዲህ እኔ የማላውቀው ነገር አለ ማለት ነው። ጋሼ እውነቱን ይሆናል» አለ። ከአጥር የተሰማው ሳቅ ያላሳመማትን ያህል ይህ ቃል አሳመማት።

በባዶ መኪና ወደ እህቷ ቤት ጉዞ ጀመሩ። እማ ጭንቄ ከጥቂት ወራት ወዲህ የማታ ትምህርት ጀምራለች፤ የዕድሜዋን ያህል ሲያልፋት የኖረውን ፊደል አሁን ነው የምትይዘው። አስተማሪዋ «መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ጽሑፍ ሁሉ አንብቡ» ስላለች፣ መኪና ውስጥ በገባች ቁጥር የሱቅ ሰሌዳ ታሳድዳለች። ዛሬ ግን ሰፊው መንገድ ላይ ወጥተው ግራሶ ፈጠን ሲል ፊደሎቹ አልያዝ አሏት። ይርገፈገፋሉ፣ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ «ሀ»ው ከ«ለ»ው ጋር ይደባለቃል። አንዱን ሳትይዘው ሌላው ያልፋል። «በቃ፣ ልጄ ሊሄድብኝ ነው፤ ጭንቅላቴ እምቢ አለ» ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

የእህቷ ቤት ደጃፍ ላይ የቤት ዕቃ እንደ ገበያ ተዘርግቷል። ቁም ሳጥን፣ የብረት አልጋ፣ ድስቶች፣ የጨርቅ ጥቅልሎች፣ በዚያ ላይ እግራቸው ብረት የሆነ ሁለት የስፌት መኪናዎች። አከራይዋ ክንዷን አጣምራ ግድግዳው ላይ የሚስማር ቀዳዳ ትቆጥራለች። «ይሄን ቀዳዳ ማን ሊደፍነው ነው?» ትላለች። «መጋረጃሽን ስሰፋልሽ የተተከለ ሚስማር ነው!» ትላታለች ልብስ ሰፊዋ። ግራሶ ከአዲሱ ተከራይ ጋር ሆኖ ጫነው፣ በገመድ ጠፍሮ አሰረው። ሽማግሌው ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ተቀመጠ። ከዚያ ሦስቱም ፊት ወንበር ላይ ተጣበቁ፤ ልብስ ሰፊዋ መሐል ሆና ስለ አከራይዋ ትናገራለች፣ ድስቶቹ ከኋላ ይንኳኳሉ፣ ግራሶ ዓይኑን ከመስተዋቱ ነቅሎ መንገዱን፣ ከመንገዱ ነቅሎ ቁም ሳጥኑን ያያል።

«የጥ-ር-ስ ሕክ-ም-ና» አለች እማ ጭንቄ።

«ማን ጥርሱን ታመመ?» አለች እህቷ።

«አነበብኩ እኮ ነው! ያው፣ እይው። ‹የሚ-ከራይ ቤት አለ።›»

«ውይ እትዬ፣ ይሄን ትናንት ብታነቢልኝ ምን ነበረበት!»

ሁሉንም አነበበች። የፀጉር ቤቱን፣ የፎቶ ቤቱን፣ የመነጽር ሱቁን። አንድ አጥር ላይ በትልቁ የተጻፈውን «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለውን ደግሞ ደስ ስላላት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ መብራት ላይ ከጎናቸው የቆመው ሞተር ነጂ ዞር ብሎ «እኔን ነው?» አላት። ለደቂቃ ያህል የማታውን አውቶቡስ ረሳችው።

ዕቃውን አዲሱ ቤት አራገፉ። አዲሱ ክፍል ጠበብ ይላል፤ መስኮቱ ግን ሰፊ ነው፣ ብርሃኑ የስፌት መኪናው ላይ ይወድቃል። ልብስ ሰፊዋ ሻይ አፍልታ እግራቸውን ዘርግተው ጠጡ። ግራሶ ሰዓቱን አየ። እማ ጭንቄም ሰዓቱን ሲያይ አየችው። ከዚያ እናትና ልጅ ብቻቸውን በባዶው ሽማግሌ ወደ ቤት ተመለሱ።

ያው መንገድ ነው። ያው ፍጥነት ነው። ፊደሎቹ እንደገና ተርበተበቱ። የጥርስ ሕክምናው ሰሌዳ መጣ፤ የተጻፈበትን እያወቀች እንኳ ልታነበው አልቻለችም።

«እንዴ! አሁን ደግሞ ምን ነካኝ?»

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«ጠዋት አላነብም ነበር። እህቴን ስናደርስ ሁሉንም አነበብኩ። አሁን ያነበብኩትኑ ማንበብ አቃተኝ። ፊደሉ ይዘላል! እንዲህ በየሰዓቱ የሚመጣና የሚሄድ በሽታ አለ እንዴ?»

ግራሶ ፍሬን ያዘ። ከኋላ ያለው ሹፌር ክላክሱን ነፋ፣ ተሳደበ፣ አለፈ። ግራሶ መሪውን እንደያዘ ወደ እናቱ ዞረ።

«እህትሽን ስናደርስ… አልተንቀጠቀጠም?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? የምትነዳው አንተ!»

«ቁም ሳጥኑ እንዳይወድቅ ስፈራ ነበር። ዕቃው ሲንኳኳ፣ አክስቴ ስታወራ… ቀለል ያለኝ መስሎኛል፤ ጭነቱ ድምፁን አፍኖት ነው ብዬ…» ሳይጨርሰው ወረደ። ከመኪናው ኋላ ሄዶ ጎንበስ አለ፣ ከሥር አየ፣ ተነሳ፣ ራሱን ያዘ። ባዶ ሲሆን የሽማግሌው ኋላ ሽቅብ ተሰቅሏል። ለካ መኪናውን አንድም ቀን ጭኖ አልሞከረውም፤ ጭነት ክልክል ነበርና። እንደገና መጫን አለበት። ግን ምን ይጫን?

ከመንገዱ ማዶ ማቆሚያው ላይ ታክሲ ያጣ ሰው ተኮልኩሏል። ግራሶ መኪናውን አዙሮ እፊታቸው አቆመና ጮኸ። «እስከ አደባባዩ! በነፃ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«በነፃ?» አለ አንድ ደልደል ያለ ባለከረባት ሰውዬ። «ኩላሊት ነው የምትሰበስበው?»

«ሙት! መኪናዬን ልሞክር ነው፤ ጭነት አጥቼ!»

«እኛ ጭነት ነን?» አለች ሁለት ኬሻ ሽንኩርት የያዘች ሴትዮ።

እማ ጭንቄ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች። «ኧረ እናቱ አለሁ እዚህ! እኔ እያለሁ ማን ይነካችኋል! ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፤ ኬሻውንም ያነሳልሻል።»

«እሷ ደላላዋ ትሆናለች» አለ ባለከረባቱ፤ ቢሆንም የመጀመሪያውን እግር ያነሳው እሱ ነው። ከዚያ ሁሉም ወጣ። የተቀመጠው ተቀመጠ፣ ሽንኩርቷም ተጫነች። ግራሶ መሪው ላይ ሆኖ «አንብቢ እማዬ» አላት፤ ድምፁ ተንቀጥቅጧል። ሽማግሌው ግን አልተንቀጠቀጠም። መንገዱ እንደ ጨርቅ ተዘረጋ። «የጥርስ ሕክምና!» ብላ ጮኸች። «የሚከራይ ቤት አለ!» ከኋላ የተጫኑት ሰዎች የጀርባውን መስኮት እየደበደቡ ያጅቧት ጀመር፤ «እሰይ! ቀጥይ! የሚቀጥለውስ?» የሚቀጥለው የአጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ እሱንም አልተወችውም። የመኪናው ኋላ በሳቅ ፈረሰ። አደባባዩ ጋ ሲወርዱ ባለከረባቱ «እናቴ፣ ነገም በዚህ ሰዓት ትመጫለሽ?» አላት። ሰዎቹ ወርደው መኪናው በባዶው ፈጠን ሲል ወንበሩ እንደገና ከታች ነዘራት።

ግራሶ መሪውን በመዳፉ መታው። «ክሮቼራው አይደለም! ባሌስትራው ነው! የተጨመረው ብረት ኋላውን ሽቅብ ሰቀለው፤ ዘንጉ ያለልኩ ታጠፈ። ሲጫን ወደ ቦታው ይመለሳል።» ሳቀ። ከሳምንት ወዲህ ሲስቅ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ነገር ግን ሁለት መታጠፊያ እንኳ ሳያልፉ ሳቁ ጠፋ፣ እሷም ለምን እንደጠፋ ገባት። ባሌስትራውን የጨመረው በያጁ ነው። አሁን ደግሞ ጥፋቱ ባለቤት ቀየረ እንጂ ከቤት አልወጣም። አንዱ ልጇ እንዳይሄድ ሌላው ሊዋረድ ነው። ኩሩ ነው በያጁ፤ ያጠፋ መባልን አይችልበትም። ቤት እስኪደርሱ በልቧ አንድ ቃል ታነሳለች፣ ትጥላለች። እንደደረሱም መጀመሪያ ያደረገችው ነገር የግቢውን በር መቀርቀር ነበር፤ ባለሱቁ «ምን ተገኘ?» ብሎ ብቅ እንዳይል።

በያጁ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጣ። ገመዱን አየ። የጨርቅ ብጥስጣሽ መኪናው ላይ ተሰግስጎ አየ።

«ጭናችሁበታል?»

«እኔ ነኝ ያስጫንኩት» አለች እማ ጭንቄ። «መቆጣት ከፈለግህ ወደዚህ ተቆጣ። ግን መጀመሪያ ስማው።»

ግራሶ ነገረው። በክንዱ እያሳየ፣ ክርኑን እያጠፈ፣ ባዶ ሲሆን እንዲህ፣ ሲጫን እንዲህ እያለ። በያጁ አላቋረጠውም። መሬት ላይ ተንጋሎ መኪናው ሥር ገባና ብዙ ቆየ። እግሮቹ ብቻ ይታያሉ፤ እማ ጭንቄ ከጫማው ልታነበው ትሞክራለች። ሲወጣ ልብሱን አላራገፈም።

«ስለዚህ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

 ግራሶ ያን ሁሉ ሳምንት የተባለውን በአንድ ቃል ሊመልስለት ይችል ነበር። «አላበላሸህም» አለ። «ለጭነት ጥሩ አድርገህ ነው የሠራኸው። ባዶውን አላሰብነውም እንጂ። እኔም ሳየው ነበር፣ ምንም አላልኩም።»

«ታዲያ የጨመርኩትን ላውጣው?»

«ከባድ በር ስትጭንስ? ባሌስትራውና የኋላ ጎማዎቹ አክስል መሐል ሽብልቅ ብረት ካስገባን ዘንጉ ይስተካከላል። እኔ ሽብልቅ መቁረጥ አልችልም። አንተ ትችላለህ።» ሰዓቱን አየ። «አውቶቡሱ ሳይነሳ ይደርሳል። ገጥሜልህ እሄዳለሁ።»

እሄዳለሁ አለ! እማ ጭንቄ ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር። በያጁ ሻንጣውን ያየው ያኔ ነው፤ በክፍሉ በር ሥር፣ ቀጥ ብሎ። አየውና ብረት ሊመርጥ ሄደ። መቁረጫው ጮኸ፣ የእሳት ብናኝ ግቢውን አለበሰው፣ የሽብልቁን ሹል ጫፍ እያሻሸ አስተካከለ፣ እየለካ መለሰ። በክሪክ ኋላውን አነሱት፣ ግራሶ ሥር ገባ። እየመሸ ስለነበር በያጁ የእጅ መብራቱን ይዞ ጎንበስ አለ። ሁለቱ እንደ ድሮው ይሠራሉ፤ «ስጠኝ»፣ «ያዝ»፣ «ሌላውን»። ከዚያ ያለፈ አንድም ቃል የለም። እማ ጭንቄ ታውቃቸዋለች፤ አባታቸውም እንዲህ ነበር። ሽብልቁ ይገጠማል፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ አንዱ ሻንጣውን ያነሳል፣ ሌላው እስከ አውቶቡሱ ይሸኘዋል፣ ዕድሜ ልካቸውን ሳይነጋገሩ ይቀራሉ። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለውን ዝምታ በሻይ፣ በዳቦ፣ በጠረጴዛ ውልወላ ስትሸፍን ኖራለች። ዛሬ የያዘችውን መወልወያ ጨርቅ ወረወረችው።

«አንተ» አለችው በያጁን። «ወንድምህ ሊሄድ ነው። ይሂድ ወይስ ይቅር?»

«እማዬ፣ አሁን ሥራ ላይ ነን…»

«በአፍህ ተናገር። ሽብልቅ አይናገርልህም።»

በያጁ የመብራቱን እጀታ አጥብቆ ያዘ። ቀና ብሎ እናቱን አላያትም፣ ወደ ታች ወንድሙንም አላየም፤ የሚያየው የመኪናውን ጎማ ነው። ከመኪናው ሥር የሚሰማው የቁልፍ ድምፅም ቆሟል።

«ይቅር» አለ።

«ለኔ ምን ይረባኛል? ለእሱ ንገረው።»

 በያጁ ተንበረከከ፣ ከዚያም በሆዱ ተኛና ጭንቅላቱን ከጎማው አጠገብ ወደ ውስጥ አስገባ፤ ፊት ለፊት እንዲያየው። «አትሂድ» አለ። «ያልኩት ሁሉ… አፌ ነው። አትሂድብኝ።»

ከሥር የቁልፉ ድምፅ እንደገና ተሰማ። እማ ጭንቄ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«ሰምቻለሁ ጋሼ፤ አውቶቡሱ ይሂድ» አለ ግራሶ። «መብራቱን ትንሽ ወደ ግራ አድርገው፤ የማጠብቀው አንድ ዳዶ ቀርቶኛል።»

በያጁ መብራቱን ወደ ግራ አደረገለት።